ኤርሚ ያመጣው የምሥራች

ኤርሚ የሚማርበት ኮሌጅ ካዛንቺስ ውስጥ ፎቅ ላይ ነው። ፎቅ ላይ ሲባል በእውነት ፎቅ ላይ፤ ምድር ቤቱ ሥጋ ቤት፣ ከሥጋ ቤቱ በላይ ባንክ፣ ከባንኩ በላይ የጥርስ ሐኪም፣ ከዚያ ወዲያ ያለው በሙሉ ኮሌጅ። ሣር የለው፣ ዛፍ የለው፣ ዶርም የለው። የሂሳብ መዝገብ መምህሩ ስለ ንብረት እርጅና ቅናሽ ሲያስረዱ ከታች የጥብስ ሽታ ይመጣና የክፍሉ ሐሳብ በሙሉ ወደ ሆዱ ይወርዳል። የቡድን ሥራ ሲሰጥ ደግሞ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ስሙን ያስጽፋል። ካምፓስ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ኤርሚም ስሙን እያስጻፈ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል።

ልጁ ፌስቡክ ላይ "ከኋላ ወንበር" የሚል ገጽ አለው። ስለ ካምፓስ ኑሮ፣ ስለ ዜና፣ ስለ ፊልም፣ በቃ ምላሱ ላይ የመጣለትን ይጽፍበታል። እውነት ለመናገር ይችላል። "አክስቴ ግቢያችሁን አሳየኝ ብትለኝ ሊፍቱን አሳየኋት፤ እሱም አይሠራም" ብሎ የጻፈ ጊዜ ዓረብ አገር ያሉ ሳይቀሩ ተቀባበሉት። የማታ ዜና አይቶ ደግሞ "እድገታችንን በቴሌቪዥን አየሁት፤ ሠፈር ስወርድ ግን መብራት ስለጠፋ ላየው አልቻልኩም" ብሎ አባቱን አስደንግጧል። ፊልም ላይማ ምሕረት የለውም። የውጩን በፍላሽ ተቀብሎ፣ ያገር ቤቱን ሲኒማ ገብቶ ያይና ሁለቱንም ይቦጭቃቸዋል። ሀብታም ልጅ ደሃ ትወዳለች፣ ደሃውን መኪና ይገጨዋል፣ መጨረሻ ላይ ወንድምና እህት ሆነው ይገኛሉ። "ደራሲ መዋሸት መብቱ ነው፤ ሲዋሽ ግን በዝርዝር ይዋሽ" ይላል ኤርሚ። አፉ ጥሩ ነው። የአፉን ያህል ዝም ማለት አልተማረም እንጂ።

ቤታቸው ቂርቆስ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ ብቻ በሚለያቸው ቤት፣ እትዬ ዘሀራ ይኖራሉ። እትዬ ዘሀራ ልጅ ሆነው ከወራቤ የመጡ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በር ላይ ባለች የቅመም ሱቅ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ታላቅየው ኢዘዲን የኤርሚ የልብ ጓደኛ ነው፤ ታናሺቱ ሪሐና ደግሞ እዚያው ፎቅ ላይ ከኤርሚ ጋር ትማራለች። ኢዘዲን ትምህርቱን አቋርጦ ሱቅ የገባው እሷ እንድትማር ብሎ ነበር። "እኔ ዲግሪ አያምረኝም አቦ፤ ሪሑን በጥቁር ጋዋን ካየኋት ይበቃኛል" ይል ነበር። ከዚያ ዓምና፣ ማንንም ሳያማክር፣ ከሠፈሩ ልጅ ከሊካሳ ጋር በሱዳን አድርጎ ወጣ። ካርቱም ደረስኩ አለ፤ ሊቢያ ደረስኩ አለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

የሰኔ ፈተና በጀመረበት ሰኞ ጠዋት የኤርሚ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ የውጭ ነው። ሊካሳ ነበር።

"ጣልያን ነኝ" አለው።

"እልል በል እንጂ ታዲያ! ኢዙስ? አቅርብልኝ እስቲ።"

"ጀልባው ተገለበጠ ኤርሚ። እኔን አወጡኝ። እሱን ሲያወጡት በቃ አልቆ ነበር። ፊቱን አይቼዋለሁ፤ እሱ ነው። እዚሁ ቀበርነው።" ሊካሳ እያለቀሰ ነበር። "ለአባትህ ንገርልኝ። ለእትዬ ዘሀራ እንዴት እንደሚነገር እነሱ ያውቃሉ። ደሞ አደራ፣ ፌስቡክ ላይ እንዳትጽፈው።"

አደራውን ስሙልኝ እንግዲህ! ሰው ከሞት አፍ ወጥቶ እንኳ የኤርሚን ጣት ነው የፈራው።

ኤርሚ አልጻፈም። አባቱን ነግሮ፣ አልቅሶ፣ ፈተናውን እንደነገሩ ተፈትኖ ተመለሰና ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠ። "ባለፈው ሳምንት በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ጀልባ ተገልብጦ የበርካታ ስደተኞች ሕይወት አለፈ" አለች ዜና አንባቢዋ፤ ወረቀቷን ገልበጥ አደረገችና ወደ እግር ኳስ ሄደች። ኤርሚ ስም ትጠራለች ብሎ የጠበቀ ይመስል አፍጥጦ ቀረ። በርካታ! ያ ኳስ ይዞ ሠፈሩን ሁሉ ሲያታልል የኖረ ልጅ፣ ያ ሲስቅ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ልጅ፣ በርካታ ተብሎ ታለፈ። ስልኩን አውጥቶ "ዛሬ ዜናው ስሙን ያልጠራው ልጅ" ብሎ ጀመረ። ዓረፍተ ነገሩ አማረው። ማማሩ ደግሞ አስጠላውና አጠፋው።

መርዶ በእኛ ዘንድ እንደ ዜና አይነበብም። ሥርዓት አለው። የኤርሚ አባት አቶ ተካ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት የሚያዋጣበት የሠፈሩ እድር ዳኛ ናቸው። ወሬውን እንደሰሙ ጋሽ አረጋዊ ቤት ሄዱ። ጋሽ አረጋዊ በወጣትነታቸው ከትግራይ መጥተው ዕድሜያቸውን ለገሃር ባቡር ጣቢያ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ በሠፈሩ መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል፤ ማለዳ ጋቢ ለብሰው በሩ ላይ እንዲቆሙ ግን ማንም አይፈልግም።

"ልጅቷ ፈተና ላይ ናት" አሉ አቶ ተካ። "ካቋረጠች ዓመቷ ይበላሻል። የሟቹም ምኞት ይኸው ነበር።"

"ዓርብ ትጨርስ" አሉ ጋሽ አረጋዊ። "የዘሀራ ወንድም ተማምም ከወራቤ ይምጣ። ቅዳሜ ማለዳ እናረዳለን። እስከዚያው የዘሀራን ልብ ማዘጋጀት ነው። ረቡዕ ሄደህ ልጁን ትንሽ አሞታል አሉ በላት። ዓርብ ደግሞ ጠንቶበታል በላት። ልቡ ያልጠረጠረ ሰው ላይ መርዶ ከባድ ነው፤ ይገድላል። ግማሹን ራሷ ደርሳበት ካገኘናት፣ የቀረውን እኛ እንሸከምላታለን።" ከዚያ ወደ ኤርሚ ዞሩ። "አንተ ምንም ሥራ የለህም። ሲጠይቁህ አልሰማሁም፤ በቃ።"

"ይሄ ልጅ አልሰማሁም ብሎ ያውቃል?" አሉ አቶ ተካ።

"እችላለሁ አባዬ!" አለ ኤርሚ፣ ተቆጥቶ።

ለሊካሳ እናትም ተነገራቸው። ልጃቸው በሕይወት ደርሷል፤ እስከ ቅዳሜ ግን እልል እንዳይሉ ተለመኑ። ምስኪን፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እሺ አሉ።

ማክሰኞና ረቡዕ አለፉ። ኤርሚና ሪሐና እንደ ወትሮው አብረው ወደ ካዛንቺስ ይሄዳሉ። የባቡር ሥራው መስቀል አደባባይን እንዳለ ቆፍሮታል፤ ታክሲ ወረፋው አያድርስ ነው፤ ስለዚህ ጭቃው መሃል ድንጋይ እየመረጡ በእግር ነው። ኤርሚ ሌላ ነገር እንዳያመልጠው ስለ ፊልም ብቻ ያወራል። ሪሐና የምትወደውን የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ያጣጥልባታል፤ ልጁ ልጅቷን እስኪስማት አሥራ ስድስት ክፍል ትጠብቂያለሽ ይላታል።

"አንተ መጨረሻው የሚያሳዝን ነገር ነዋ የምትወደው" አለችው። "እኔ መጨረሻው ካላማረ ምን አስጨነቀኝ? ለማልቀስማ ሠፈር አለልኝ።"

ኤርሚ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ለራሱም አልጣመውም። ፈተና ክፍል ከፊቱ ተቀምጣ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ስትጽፍ ያያታል። ወንድሟ ሰው አገር አፈር ገብቷል፣ እሷ የሂሳብ ጥያቄ ትመልሳለች፤ እኔ አውቄ ከኋላዋ እቀመጣለሁ እያለ ያስባል። ከእሷ ቤት ዕቃ ሰርቆ የተቀመጠ ሰው የሆነ መሰለው። የራሱን ወረቀት ግማሹን ባዶ መለሰ።

ሐሙስ ነገር ተበላሸ። ከፈተና ሲወጡ ሪሐና ደረጃው ላይ፣ የጥርስ ሐኪሙ በር አጠገብ፣ ክንዱን ያዘችው። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ኤርሚ፣ ሊካሳ ጣልያን ገብቷል አይደል?"

"ማን አለ?"

"እናቱ ለጎረቤት ሹክ ብለዋል። ሠፈሩ እየተንሾካሾከ እኔ ሳልፍ ጸጥ ይላል። ትናንት ደሞ አባትህ መጥተው ለእማዬ ኢዙን ትንሽ አሞታል አሉ ብለው ነገሯት። ከዚያ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።" ድምፅዋ ተሰበረ። "አሞታል ማለት ምን እንደሆነ የማላውቅ መስሏችሁ ነው? የአባዬም ጊዜ እንደዚሁ ነበር። መጀመሪያ አሞታል፣ ከዚያ ጠንቶበታል፣ ከዚያ ሽማግሌ። ኤርሚ ሙት፣ አንተ እንኳ አትዋሸኝ። ከሞተ ሞተ በለኝ። ነገ ፈተና አልቀመጥም። እንዲህ ሆኜ አልችልም፤ በቃ አልችልም።"

አልሰማሁም ማለት ነበር ያለበት። አንዲት ቃል! ጋሽ አረጋዊ አዘጋጅተው አፉ ውስጥ ያስቀመጡለት ቃል። ግን ዓይኗን አየ። አልሰማሁም ቢላት ሊገባት ነው። እውነቱን ቢነግራት እዚያው ደረጃ ላይ ልትወድቅበት ነው፣ ፈተናውም ኢዙ የደከመለት ዓመትም ሊቀር ነው። ወይኔ፣ ፈራ።

"ኢዙ ደህና ነው" አለ።

አለ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ወጣ።

"ምን?"

"ማለቴ... አሞት ነበር፤ ግን ተሽሎታል። አናግሬዋለሁ። ሰኞ፣ በሊካሳ ስልክ።"

እዚህ ላይ ቢያቆም እንኳ ምናልባት መመለሻ ይኖረው ነበር። ግን ኤርሚ ነው፤ ሲዋሽ በዝርዝር ይዋሽ ባዩ። የኢዙ ስልክ ባሕር ገብቶ እንደተበላሸ ነገራት። ብርድ መትቶት ካምፕ ውስጥ ሐኪም እንደሚያየው፣ ብርቱካን መልክ ያለው ብርድ ልብስ እንደሰጡት፣ ጠዋት ማታ ፓስታ እያበሉት የእማዬ በርበሬ ናፈቀኝ እያለ እንደሚያማርር ነገራት። የኢዘዲንን ድምፅ ሳይቀር አስመሰለ፤ ያን ጎርነን ብሎ በአፍንጫ የሚወጣውን። "'አቦ ለሪሑ ንገራት፤ ኦዲቲንግ ከወደቀች በዋና ተመልሼ ነው የምመጣው' ብሎሻል" አላት።

ሪሐና ከእንባዋ ጋር ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችና ትኩር ብላ አየችው።

"ማልልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"ኢዙ ይሙት በል።"

ሰው በሚወደው በሕያው ሰው ይምላል፤ የሞተ ሰው ይሙት ብሎ የማለ አልተሰማም። ከታች ሥጋ ቤቱ ውስጥ ሰው ይሳሳቃል።

"በል እንጂ ኤርሚ!"

"ኢዙ ይሙት" አለ።

እጁን ሳመችውና ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። "ለእትዬ ግን እንዳትነግሪያቸው! ፈተናው ይለቅና እኔ ራሴ..." እያለ ከኋላዋ ጮኸ። ጅል! የምሥራች ይዛ ወደ እናቷ የምትሮጥን ልጅ እንዳትነግሪ ማለት ምን ዋጋ አለው?

ያን ቀን ለአባቱ አልነገረም። ነገ እነግራለሁ አለ፤ ፈተናዋን ትጨርስ አለ፤ ምናልባት ለእናቷ አልነገረች ይሆናል አለ። ፈሪ ምክንያት አያጣም።

ዓርብ ሪሐና ስትጽፍ እስክሪብቶዋ አልቆመም። ፈተናው እንዳለቀ ኤርሚን ጎትታ ጁስ ቤት አስገባችውና ስፕሪስ አዘዘችለት። አቮካዶው ከማንጎው ሳይቀላቀል በፊት ጥያቄዋ ጀመረ። የካምፑ ቁጥር የለህም? ሊካሳ ስልኩን አያቀብለውም? መቼ ነው እኛ የምናናግረው? ኤርሚ ሊካሳ ወደ ሌላ ከተማ ተወስዷል አለ፤ ካምፕ ውስጥ ስልክ በተራ ነው አለ፤ የሚቀጥለው ሳምንት አለ። ሁሉንም እሺ አለችው። ከዚህ በፊት የሚያወራውን አንዱንም ሳትከራከረው አልፋ የማታውቅ ልጅ ዛሬ ሁሉንም እሺ ትላለች። ጁሱን ሳይጨርስ ወደ መሃል ገፋው።

ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ኤርሚ ቆመ። እትዬ ዘሀራ ከጁምዓ በኋላ ሰደቃ አውጥተዋል። ዳቦ ተቆርሷል፣ ቴምር ይዞራል፣ የሠፈሩ ሽማግሌዎች ዱዓ አድርገው መውጣታቸው ነው፤ ሲንሾካሾክ የሰነበተው ጎረቤት ሁሉ እፎይ ብሎ ግቢውን ሞልቶታል። የሊካሳ እናት ብቻ አልመጡም።

"የኔ የምሥራች!" እትዬ ዘሀራ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ እጁን ሳይቀር ሳሙት። ትናንት የታመሙ ይመስሉ የነበሩት ሴት ዛሬ ፊታቸው በርቷል። "አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር? ና፣ ና መሃል ተቀመጥ። ለእነዚህ ንገራቸው፤ ልጄ ምን አለ? የበርበሬውን ንገራቸው!"

ምን ያድርግ? ነገራቸው። ብርድ ልብሱን ነገራቸው፣ ፓስታውን ነገራቸው። ሴቶቹ በሳቁ ቁጥር ይጨምራል። ዘበኛው ስሙን መጥራት አቅቶት "ኢዞ" እያለ እንደሚያስቀው ሁሉ ጨመረበት። እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ በዚያች ሰዓት ኤርሚ ራሱ አምኖት ነበር። ኢዙ በሕይወት ነበር፤ ኢዙ ፓስታ ሰለቸኝ እያለ ነበር። ካምፓስ ከገባ ጀምሮ እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ቀና ሲል አባቱ ቆመዋል። ልጁ ጠንቶበታል ሊሉ የመጡት አቶ ተካ፣ እትዬ ዘሀራ እጃቸው ላይ ያስቀመጡላቸውን ዳቦ ይዘው፣ አፋቸው ተከፍቶ ቀርቷል።

አባቱ ክንዱን ይዘው ጋሽ አረጋዊ ቤት ወሰዱት። ሲደርሱ እጃቸውን አነሱ፤ ጋሽ አረጋዊ መሃል ገብተው ያዟቸው።

"ፈተና አልቀመጥም አለችኝ!" አለ ኤርሚ እያለቀሰ። "ምን ልበላት?"

"አልሰማሁም! አልሰማሁም ነው የሚባለው አንተ ከንቱ!"

"ተው ተካ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አሉ ጋሽ አረጋዊ። በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ፤ የደከሙ ይመስላሉ። "ይልቅ የነገውን እናስብ።"

"ትንሽ ይቆይ ጋሽ አረጋዊ" አለ ኤርሚ። "እንደገና አመመው እንበል። ቀስ እያልን፣ አንድ ሁለት ሳምንት..."

"ሰው ስንቴ ይታመማል?" ጋሽ አረጋዊ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ተማም መንገድ ላይ ነው። የሊካሳ እናት ከዚህ በላይ አይችሉም። ዛሬ ዳቦ የበላው ሰው ሁሉ ነገ ለሌላው ያወራል፤ ከባሕር ማዶ አንዱ ደውሎ እውነቱን በስልክ ይነግራታል። በስልክ ልትሰማ? ይሄ ነውር ነው። እኛ ልቧን ስናሰናዳ ሰነበትን፤ አንተ ያን አፍርሰህ ሙሉ ልብ ሰጠሃት። ነገ እሱን ነው የምንሰብረው፤ ሌላ መንገድ የለም።"

"እኔ አልመጣም።"

"ትመጣለህ። ከኋላ ትቆማለህ።"

ቅዳሜ ማለዳ ያካፋ ነበር። ጋሽ አረጋዊ ጋቢያቸውን ደርበው ከፊት፣ አቶ ተካና ተማም ከኋላቸው፣ ኤርሚ ከሁሉም ኋላ። ሌላ ቤት ቢሆን ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ጋቢ ለብሶ በር ላይ ሲቆም ባለቤቱ እያየ ይጮኻል፤ በሩ ሲከፈት መርዶው ተነግሮ ያልቃል። ጋሽ አረጋዊ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያረዱ "እገሌ ሞተ" የምትለዋን ቃል ከአፋቸው አውጥተዋት አያውቁም።

እትዬ ዘሀራ በሩን ከፈቱና ሳቁ።

"ተማሜ! አንተም ሰምተህ መጣህ? ከወራቤ ድረስ! እንዲህ ነው እንጂ ወንድም!" አገላብጠው ሳሙት። ተማም የእህቱን ራስ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ጣራ ጣራውን አየ፤ እንባው ጺሙ ላይ ወረደ። "ምን ያስለቅስሃል አንተ ደሞ! ደስ ሲል አይለቀስም" አሉት በመዳፋቸው ፊቱን እየጠረጉ። "ግቡ፣ ግቡ። ጋሽ አረጋዊ፣ በዚህ ዝናብ እርስዎ ደግሞ! እኔ እመጣ አልነበረም? ተካ፣ ወንበሩን ሳበው።"

ማንም አልተቀመጠም። ሪሐና ከጓዳ ወጣች። አጎቷን አየች፤ ጋቢውን አየች፤ ሽማግሌዎቹ ቆመው መቅረታቸውን አየች። ከዚያ በሩ ጋ የተለጠፈውን ኤርሚን አየችው። ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እናትየው ጀርባቸውን ሰጥተዋታልና አላዩም።

ጋሽ አረጋዊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዘሀራ ልጄ፣ የአላህ ፈቃድ ሆኖ ሰው እንግዲህ..."

"ቆዩማ ጋሽ አረጋዊ፣ ምርቃቱ ይደርሳል። መጀመሪያ ልጁ ይናገር።" እትዬ ዘሀራ እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። "ኤርሚ፣ ና ወዲህ፤ እንግዳ ነህ እንዴ? ለአጎቱ ንገረው። ኢዙ ምን አለህ? ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረው።"

ጋሽ አረጋዊ ወደ ኤርሚ ዞሩ። አባቱም ዞሩ። ኤርሚ በዕድሜው ቃል አጥቶ አያውቅም፤ አሁንም አላጣም፤ ሁሉም አፉ ላይ ነበር፤ ካምፑ፣ ዘበኛው፣ ብርድ ልብሱ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ።

"እትዬ" አለ።

"ወዬ የኔ ልጅ።"

"ኢዙን አላናገርኩትም።"

"እንዴት አላናገርከውም? ሰኞ በሊካሳ ስልክ..."

"የደወለው ሊካሳ ብቻ ነው። ኢዙ የለም እትዬ። ባሕሩ ላይ ሞተ። ሊካሳ ቆሞ አስቀብሮታል። የነገርኩዎትን ሁሉ እኔ ነኝ የፈጠርኩት።"

እትዬ ዘሀራ አልጮኹም። ተማም ሊይዛቸው ሲጠጋ በእጃቸው መለሱት። ኤርሚን ብቻ ነው የሚያዩት፤ ቁጣ እንኳ የለባቸውም፤ አንድ ነገር እንዲያስረዳቸው የሚፈልጉ ይመስላሉ።

"ረቡዕ ማታ እኮ አልቅሼለት ነበር" አሉ፣ ቀስ ብለው። "አሞታል ሲሉኝ ልቤ አውቆታል። ሱቄን ከውስጥ ዘግቼ፣ ልጄ እንዳትሰማኝ ሻሼን ነክሼ፣ ብቻዬን አልቅሼ አልቅሼ ለአላህ ሰጥቼው ነበር። ጨርሼ ነበር እኮ። አንተ ነህ የመለስክልኝ።" እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ። "ልጄ፣ አንዴ የቀበርኩትን ምነው አውጥተህ እንደገና አስቀበርከኝ?"